ለተራዊሕ የሚቆም ጉልበት

ረመዷን ሲገባ በመስጂዶቻችን ከሚበዙት ነገሮች አንዱ ወንበር ነው። በሶፉ ዳርና በግድግዳው ጥግ በሚደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት አረጋውያን ብቻ አይደሉም። ቀኑን ሥራ ላይ ውለው የሚመጡ የሃምሳና የስድሳ ዓመት አባወራዎች፣ በሴቶቹ በኩልም ከአስር ሶላት ጀምሮ ምድጃ ዳር የቆዩ እናቶች አሉባቸው። ለምን እንደተቀመጡ ሲጠየቁ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ «ጉልበቴን እያመመኝ»።

ከዚህ መልስ ጀርባ ቤተሰብ የሚከራከርበት ጥያቄ አለ። ልጆች «እማዬ፣ ራስሽን አታስቸግሪ፣ ተቀምጠሽ ስገጂ» ይላሉ። እናት ደግሞ «አንዴ ከተቀመጥኩ በዚያው እቀራለሁ» ብላ ትሰጋለች። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የታመመ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል። የእናትዬውም ስጋት ባዶ አይደለም፤ የጉልበትን አሠራር ሲመረምሩ የኖሩ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነገር ስጋቷን ይደግፋል። ጉልበትን የሚሸከመው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ሥራ ሲያጣ ይከሳል፣ ቀስ በቀስ ሥራ ሲሰጠው በየትኛውም ዕድሜ ይመለሳል።

በአንድ ሌሊት ከ17 ወደ 40

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። የቀኑ አምስት የፈርድ ሶላቶች 17 ረከዓ ናቸው። በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ ስላለ 34 ጊዜ ግንባራችን መሬት ይነካል። ረመዷን ሲገባ ሃያ ረከዓ ተራዊሕና ሦስት ረከዓ ዊትር የሚሰግድ ሰው 40 ረከዓና 80 ሱጁድ ይደርሳል። ስምንት ረከዓ ተራዊሕ በሚሰገድበት መስጂድ ደግሞ ከዊትሩ ጋር 28 ረከዓና 56 ሱጁድ ይሆናል። የሱና ሶላቶች ገና አልተቆጠሩም።

በእያንዳንዱ ረከዓ ከወለል ተነስቶ መቆም አለ። ስለዚህ በሻዕባን የመጨረሻ ቀን 17 ጊዜ ያህል ከወለል ይነሳ የነበረ ጉልበት በማግስቱ 40 ጊዜ ተነስ ይባላል። አንድ የቀን ሠራተኛ ዛሬ 17 ኩንታል ተሸክሞ ነገ 40 ተሸከም ቢባል ወገቡን ቢያመው ማንም አይደነቅም። በረመዷን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው። ሱጁዱ ራሱ ጎጂ ሆኖ አይደለም፤ ጡንቻው ሳይዘጋጅ ሥራው በድንገት ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ነው።

ሸክሙን ማን ይሸከማል?

የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱም አጥንቶች ጫፋቸው በለሰለሰና በሚያንሸራትት ልም አጥንት ተሸፍኗል። በመካከላቸው ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ትራሶች አሉ፤ ሐኪሞች ሜኒስከስ ይሏቸዋል። ዙሪያውን ጅማቶች አስረው ይይዙታል፤ ውስጡን እንደ ቅባት ያለ ፈሳሽ ያረጥበዋል። ከፊት ለፊት ደግሞ የጉልበት ሎሚ አለች።

ይህች ሎሚ የምትመስለውን ያህል ትንሽ ሥራ የላትም። ትልቁ የፊት ጭን ጡንቻ ቅልጥምን የሚስበው በእሷ ላይ አልፎ ነው። ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ወደ ፊት ገፋ አድርጋ ስለምትይዘው፣ እግር ወደ መዘርጋት ሲቃረብ የጡንቻውን የመሳብ አቅም እስከ 30 በመቶ ገደማ ታሳድገዋለች። ከጉድጓድ ውኃ ለማውጣት ገመድ እንደሚያልፍበት መዘውር ናት ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አጥንቱም፣ ትራሱም፣ ሎሚዋም በራሳቸው አይንቀሳቀሱም፤ ሰውን አቁመው መያዝም አይችሉም። ከሱጁድ የሚያነሳን፣ ወደ ሩኩዕ ስንወርድ እንዳንደፋ የሚይዘን፣ ደረጃ ስንወርድ ፍሬን የሚሆነን ጡንቻ ነው። ከፊት የጭን ጡንቻ፣ ከኋላ የጭንና የባት ጡንቻዎች፣ ከላይ የመቀመጫ ጡንቻዎች ሥራውን ይካፈላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ጡንቻዎቹ ሲበረቱ ሸክሙ ይከፋፈላል፤ ሲደክሙ ግን ሁሉም በልም አጥንቱ ላይ ይወድቃል። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም አቅምንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም።

በርሊን ላይ የተለካው

ጉልበት ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በስሌት ብቻ ነበር። በጀርመን በርሊን የሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ግን ከውስጥ ለኩት። ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ለተቀየረ አምስት ታካሚዎች፣ ውስጡ የኃይል መለኪያ ያለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተገጠመላቸው። መሣሪያው ሰውየው ሲራመድ፣ ሲቀመጥና ደረጃ ሲወጣ በጉልበቱ ላይ ያረፈውን ጫና ያለ ሽቦ ያስተላልፋል። ውጤቱ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ።

አማካዩ እንዲህ ነው። በሁለት እግር ቆሞ ብቻ በእያንዳንዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት ጋር እኩል ሆነ። ከወንበር ሲነሱ ወደ 2.5 እጥፍ፣ በሜዳ ላይ ሲራመዱ 2.6 እጥፍ፣ ደረጃ ሲወጡ 3.2 እጥፍ፣ ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ 3.5 እጥፍ ገደማ ደረሰ። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ላይ 180 ኪሎ ያህል፣ ደረጃ ሲወርድ 240 ኪሎ ያህል ያርፋል ማለት ነው።

ሰባ ኪሎው እንዴት ይህን ያህል ይሆናል? ነገሩ እንደ በር ነው። በርን ከመያዣው በኩል ሲገፉት በጣት ይከፈታል፤ ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የፊት ጭን ጡንቻ ጅማት ከጉልበት መሐል የሚርቀው ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውነትን ለመሸከም ከሰውነቱ ክብደት በላይ መሳብ አለበት፤ ያ የመሳብ ኃይል ሁለቱን አጥንቶች አንዱን በሌላው ላይ ይጫናቸዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ለእኛ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከወንበር መነሳት ጉልበት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከተራ እርምጃ አይበልጥም። በእግሩ ሱቅ የሚሄድ ሰው ከወንበር መነሳትን ሊፈራው አይገባም። ሁለተኛ፣ ከሁሉ የከበደው ደረጃ መውረድ ነው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩ አባት ከዒሻ በፊት ደረጃ ወርደው፣ ከተራዊሕ በኋላ ሲወጡ ጉልበታቸውን ቢያማቸው፣ ጥፋቱን ሁሉ በሶላቱ ላይ መጣል ስህተት ይሆናል።

ስለዚህ ደረጃውን በብልሃት መያዝ ያስፈልጋል። መደገፊያውን ይያዙ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የሚያመው እግር ይቅደም። ከዘራ የሚይዝ ሰው ከዘራውን የሚይዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ከዘራው ሸክሙን በደንብ አያቃልልም።

ሱጁድና መታጠፍ

በሶላት ውስጥ ጉልበት እጅግ የሚታጠፍበት ጊዜ ተረከዝ ላይ ሲቀመጡ ነው። ስንራመድ ጉልበታችን የሚታጠፈው እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወንበር ላይ ስንቀመጥ 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በሁለቱ ሱጁዶች መካከልና በተሸሁድ ሲቀመጡ ግን ከ140 ዲግሪ ያልፋል። የፈረንጅ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የጉልበት ሕክምናን ሲለኩ የኖሩት ወንበር ላይ በሚኖር ሰው ልክ ነው። ወለል ላይ የሚሰግድ፣ ወለል ላይ የሚበላና የሚቀመጥ ሰው የሚያስፈልገው መታጠፍ ከዚያ ይበልጣል። ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና የሚያስቀይር ሙስሊም ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ወለል ላይ ተቀምጬ እሰግዳለሁ፤ ይቻለኝ ይሆን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቁ መብቱም ተገቢም ነው።

በጥልቅ መታጠፍ ጊዜ ጉልበትን የሚያግዝ ነገርም አለ። ተረከዝ ላይ ስንቀመጥ የጭናችን ኋላ ከባታችን ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ ከክብደቱ ከፊሉ በሥጋው በኩል ያልፋል፤ መገጣጠሚያው ብቻውን አይሸከመውም። ከባዱ ሥራ ያለው ተቀምጦ በመቆየቱ ላይ ሳይሆን ከዚያ በመነሳቱ ላይ ነው።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ሲለቁት ይመጥጣል። በልኩ የሆነ ጫናና እረፍት እየተፈራረቁ መምጣታቸው ለእሱ ቀለብ ነው። ሶላት ደግሞ መቆም፣ ማጎንበስ፣ መውረድ፣ መቀመጥና መነሳት እየተፈራረቁ የሚመጡበት ነው። ጉልበትን የሚጎዳው አንድ ቦታ ታጥፎ ለሰዓታት መቆየት ነው። በቻይና ቤጂንግ አረጋውያን ላይ የተደረገና በ2004 የታተመ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቁጢጥ ይሉ የነበሩ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር በዝቶባቸው አግኝቷል።

እዚህ ላይ ዓይናችንን ከመስጂዱ ወደ ማድ ቤቱ ማዞር አለብን። በረመዷን ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ የምትጠቀልል፣ ሾርባ የምታማስል እናት ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ሁለት ሦስት ሰዓት ልትቆይ ትችላለች። ማታ ተራዊሕ ላይ የሚያማት ጉልበት ቀን የታጠፈው ነው። ሥራውን ወደ ጠረጴዛ ማውጣት፣ በርጩማውን በወንበር መተካት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ እግርን መዘርጋት ይረዳታል። ከሁሉ በላይ የሚረዳት ግን ልጆችና ባል ሥራውን ቢካፈሏት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር በሀዲስ ተላልፏል።

ሕመም ጡንቻን ሲያስተኛ

ጉልበቱን የሚያመው ሰው «እግሬ ከዳኝ» ሲል እንሰማለን። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች ጉልበት ውስጥ ጥቂት የጨው ውኃ በመርፌ አስገብተው የጭን ጡንቻውን ተከታትለዋል። ሰዎቹ ሕመም ባይሰማቸውም ጡንቻው ወዲያው ደከመ። መገጣጠሚያው ማበጡን የነርቭ ሥርዓቱ ሲያውቅ ወደ ጡንቻው የሚሄደውን ትእዛዝ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ያበጠ ጉልበት ያለው ሰው መነሳት ሲያቅተው ሰነፍ አይደለም፤ ጡንቻው የሚገባውን ትእዛዝ እያገኘ አይደለም።

አዙሪቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ያማል፤ ጡንቻው ይደክማል። ሰውየው ስላመመው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፤ ጡንቻው ይከሳል። ጡንቻው ሲከሳ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ሕመሙም ይብሳል። እረፍት በአረጋውያን ላይ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጎዳ በአሜሪካ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት ያሳያል። ዕድሜያቸው በአማካይ 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀናት አልጋ ላይ ብቻ ቆዩ። በእነዚያ 10 ቀናት ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ አጡ፤ ጉልበትን የመዘርጋት አቅማቸውም በ16 በመቶ ገደማ ወረደ።

ለዚህ ነው የእናትዬዋ ስጋት በቁም ነገር መወሰድ ያለበት። ዛሬ ለተራዊሕ መነሳት የተዉ ሰው ሌላ መነሻ ካላገኙ ነገ ከአልጋ፣ ከነገ ወዲያ ከመጸዳጃ ቤት መነሳት ሊያቅታቸው ይችላል። ከዚያ የሚከተለው በልጅ ትከሻ መደገፍ፣ ብሎም መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበር ነው። ጉዳዩ ከአንድ ወር ሶላት ያልፋል፤ አንድ ሰው በራሱ ለመኖር የሚያስችለው አቅም ነው።

በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሐኪሙ ክላውዲዮ ጂል አራውጆና ባልደረቦቻቸው ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 2002 ሰዎችን ወለል ላይ ተቀምጠው እንዲነሱ ጠየቁ። እጅ ወይም ጉልበት ላይ በተደገፉ ቁጥር ነጥብ እየቀነሱ ከ10 ሰጧቸው፤ ከዚያም ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2012 የታተመው ውጤት፣ ያለ ድጋፍ በቀላሉ የሚነሱት ሰዎች በብዙ ድጋፍ እንኳ ከሚቸገሩት ይልቅ በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በብዙ እጥፍ ያነሰ መሆኑን አሳየ። መነሳት አለመነሳቱ ራሱ ሰውን ይገድላል ወይም ያድናል ማለት አይደለም፤ ዕድሜ በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ከወለል የመነሳት አቅም የጠቅላላው ሰውነት ብርታት ምልክት ነው። ይህን አቅም አምስት ጊዜ በየቀኑ የሚለማመድ ማኅበረሰብ ሊጠብቀው የሚገባ ሀብት አለው።

በዘጠና ዓመትም ይቻላል

«እኛ አሁን አርጅተናል፤ ምን ጡንቻ አለን?» ለሚሉ አባቶችና እናቶች መልስ የሚሆን ጥናት ቦስተን ላይ በ1990 ታትሟል። ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው በ90 አካባቢ የሆነ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንታት የጭን ጡንቻ ልምምድ አሠሯቸው። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ አደገ። ሁለቱ ሰዎች ከዘራቸውን ጣሉ።

ጡንቻ የሚያድገው በሥራ ነው፤ ሥራው ደግሞ በልክና ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር ላለበት ሰው የዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ቀድመው የሚያዙት እንቅስቃሴን ነው።

ለልምምዱ በረመዷን የሚመቸው ሰዓት ከኢፍጣር በኋላ፣ ውኃ ከተጠጣና ምግቡ ረጋ ካለ በኋላ ወይም ከተራዊሕ ተመልሶ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። የልብ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አንደኛው ልምምድ ቀጥ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ እስኪል መዘርጋት ነው። ጡንቻው ጠብቆ እስከ አምስት እየቆጠሩ ይያዙት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱት። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ።

ሁለተኛው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። መጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ ሲበረቱ እጅን ደረት ላይ አድርገው። ሲቀመጡ እንደ ጆንያ አይውደቁ፤ ቀስ ብለው ይውረዱ። መውረዱም እንደ መነሳቱ ጡንቻ ይሠራል። ስምንት ጊዜ ሠርተው ይረፉ፤ አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ሦስተኛው ግድግዳ ይዘው በእግር ጣቶች ላይ መነሳትና መውረድ ነው፤ ባትን ያጠነክራል። አራተኛው በጀርባ ተኝተው፣ ጉልበትን አጥፈው፣ እግርን መሬት ላይ ረግጠው መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ የመቀመጫንና የኋላ ጭንን ጡንቻ ይሠራል።

ከወንበር መነሳት ሲቀልል ወደ ወለል የሚወስደውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይውረዱት። በመጀመሪያ ከዝቅተኛ መቀመጫ፣ ቀጥሎ ከተደራረቡ ትራሶች፣ ከዚያ ከአንድ ትራስ፣ በመጨረሻ ከምንጣፍ። ለጥንቃቄ አጠገብዎ የሚደገፉበት ጠንካራ ነገር ይኑር። በልምምድ ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማ አያስፈራም፤ በማግስቱ የባሰ ሕመም ወይም እብጠት ካለ ግን መጠኑን ይቀንሱ። ጉልበት ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ብቻውን፣ ሕመምና እብጠት ከሌለው፣ በሽታ አይደለም።

ማዕድና መድኃኒት

ጡንቻ ከሥራው ሌላ ቀለብ ይፈልጋል። የአረጋውያንን አመጋገብ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። ስድሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ኢፍጣር ላይ በሳምቡሳና በጣፋጭ ሆድን ሞልቶ ሱሁር ላይ በሻይ ብቻ ማለፍ ጡንቻን ያስርባል። ምስር ሾርባው፣ እርጎው፣ እንቁላሉና ሥጋው ለሁለቱም ማዕዶች ይካፈል።

ክብደት ሲቀንስ ጉልበት የሚያገኘው እፎይታ ብዙ ነው። በአሜሪካ ጉልበታቸውን በሚያማቸው ክብደታቸው የበዛ አረጋውያን ላይ የተደረገ በ2005 የታተመ ጥናት፣ የቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሳ አሳይቷል። በረመዷን ሦስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው አሥራ ሁለት ኪሎ አወረደ ማለት ነው፤ በዒድ ካልመለሰው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር የማስታገሻ መድኃኒት ነው። ተራዊሕ እንዳያመልጠው ሲል ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ሱሁር ላይ የሚውጥ ሰው አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፣ ቀኑን ውኃ ያልጠጣ ሰው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። የኩላሊት፣ የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የጨጓራ ሕመም ላለባቸውና ለአረጋውያን አደጋው ይብሳል። ወሩን ሙሉ በራስ ፈቃድ መዋጥ አይገባም፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ለጾመኛ የሚስማማውን ዓይነትና ሰዓት ይንገራችሁ።

ወንበሩን በልኩ

ወንበር ነውር አይደለም። ሶሓባው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው ስለ ሶላታቸው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቻለ ቆሞ፣ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነለት በጎኑ እንዲሰግድ መምራታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በሌላ ሀዲስም ሰው ሲታመም በጤናው ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ምንዳ እንደሚጻፍለት ተላልፏል። ስለዚህ በወንበር የሚሰግድን ሰው በዓይን መገላመጥ፣ ወይም የታመመን ሰው «ለምን አትቆምም?» ብሎ ማስጨነቅ አይገባም።

በሌላ በኩል ወንበሩ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስደን ማስተዋል ይገባል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከብደው መውረዱና መነሳቱ ነው እንጂ መቆሙ አይደለም። ብዙ ዑለማዎች መቆም የሚችል ሰው የመቆሚያውን ክፍል ቆሞ፣ ያቃተውን ክፍል ብቻ ተቀምጦ እንዲሰግድ ያስተምራሉ። ይህ ለጡንቻውም ይጠቅማል፤ ከወንበር በተነሳ ቁጥር የጭን ጡንቻው ይሠራልና። ወደ ሱጁድ ሲወረድ እጅ ይቅደም ወይስ ጉልበት በሚለው ላይም መዝሀቦች የተለያየ አቋም አላቸው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ለእሱ የሚቀልለውን ከኢማሙ ወይም ከኡስታዙ ጋር ይነጋገርበት።

ወንበሩ ጠንካራ፣ የማይንሸራተት፣ ሲቀመጡበት እግር መሬት የሚረግጥ ይሁን። በጣም ዝቅ ያለና የሚሰምጥ ወንበር መነሳትን ያከብዳል። ወለል ላይ መስገድ ለሚችሉ ግን ጉልበታቸው መሬት ሲነካ ለሚያማቸው፣ ወፈር ያለ ምንጣፍ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካለ ለነገ የሚባል አይደለም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ከወደቁ በኋላ እግሩ ክብደት መሸከም ካቃተው፣ ጉልበት ተቆልፎ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ በተደጋጋሚ ከከዳ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃ ሕመም ካለ፣ ወይም የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ካመመ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ውጭ ያለው የተለመደ የጉልበት ሕመም ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያየው የበለጠ ይጠቀማል፤ የትኛው ጡንቻ እንደደከመ ለይቶ ልምምዱን በልክ ይሰጣልና።

ለዘንድሮ ወር ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መያዝ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ ከኢፍጣር በኋላ ሻዩ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ አባትና እናት ከወንበር ስምንት ጊዜ እንዲነሱና እንዲቀመጡ ያድርግ፤ ልጆችም አጠገባቸው ቆመው ይቁጠሩላቸው። ዒድ ካለፈ በኋላም አይቋረጥ። የሚቀጥለው ሻዕባን እስኪመጣ አሥር ወር ያህል አለ፤ ጡንቻ ለመመለስ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ነው።